ሰው ያህላል የተባለው ሐውልት

የሙዚየሙ ጥበቃ ሥራው ባዶ መስታወት መጠበቅ ነበር። መቀለዴ አይደለም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቁልፍ በወገቡ አንጠልጥሎ፣ «ቅርሱ ሲመለስ እዚህ ይቀመጣል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን የመስታወት ሣጥን እየወለወለ ኖሯል። የድንጋይ ሐውልቱ ያለው ባሕር ማዶ ነው። የዚያ ማዶ ሊቃውንት «ብንመልስላችሁ አቧራ ይበላዋል» ብለው ይጽፋሉ፤ የእኛ አስመላሽ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ሻዩን ፉት ብሎ፣ «አቧራውም የራሳችን ነው» ሲል ይመልሳል። ክርክር የተባለው ይኸው ነበር።

ጎብኚ ባዶ መስታወት አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ይጠይቃል። ጥበቃው ካንዲት የደበዘዘች ፎቶግራፍ በቀር ያየው ነገር ስለሌለ አፉን ሥራ አስያዘው። መጀመሪያ ሐውልቱ የልጅ ቁመት ነበረው። በየዓመቱ እያደገ ሰው አከለ፤ በመጨረሻ አሥራ ሁለት ጎረምሳ የተሸከመው ሆነ። ይህን ያላመኑት አማቱ ብቻ ናቸው። «ቤት አለኝ» ብሎ ልጃቸውን አግብቶ ኪራይ ክፍል ውስጥ ስላስገባት፣ አፉን አሳምረው ያውቁታል።

ሐውልቱ ሊመለስ ነው ሲባል አማትየው «እመጣለሁ» አሉ። «ባይኔ ልየው። ውሸት ከሆነ ግን ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።» ሚስቱ አልሳቀችም።

በዕለቱ የእንጨቱ ሣጥን በሰው ፊት ተከፈተ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጭዱን ሲዝቅ፣ ሲዝቅ ቆይቶ ሐውልቱን ባንድ እጁ አወጣው። የውሃ ብርጭቆ ያህላል።

አዳራሹ አንገቱን አስግጎ ወደ ሣጥኑ ተመለከተ። ከኋላ አንዱ «ትልቁስ?» አለ።

«አስቀርተውብን ነዋ» አለ ሌላው።

ሊቀመንበሩ ሥራ ሊፈታ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ሥራ አገኘ። «ትልቁ እስኪመለስ ኮሚቴው አይበተንም» ሲል ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። «ምስክራችንም ይኸው» ብሎ ጥበቃውን ወደ መድረክ ጠራ።

«አዎ» ቢል በተገላገለ። ዓይኑ ግን አማቱ ላይ ወደቀ።

«ጌታዬ፣ ትልቅ የሚባል የለም» አለ። «ያስረዘምኩት እኔ ነኝ።»

«ማን ልኮህ ነው?» አለው ሊቀመንበሩ። ጭብጨባው ወደ ፉጨት ተለወጠ። እስከ ዛሬም ያመነው የለም፤ ኮሚቴው «በባዕድ የተገዛ» ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሮታል።

አማትየው ግን በፉጨቱ መሀል ክንዱን ይዘው አወጡት።

«ና፣ እንሂድ» አሉ። «ልጄ ካንተው ጋር ትቆይ። ዛሬ ገና አማች አገኘሁ።»