ሁለቴ ብልጭ የምትለው ካሜራ

ቢቸና ሳለሁ አጎቴ የሰጠኝ ትንሽዬ ዲጂታል ካሜራ አንድ ጠባይ ነበራት። ፎቶ ላይ ዓይን ቀልቶ እንዳይወጣ የሚያደርገውን ምልክት ከመረጥኩ ፍላሿ ሁለቴ ብልጭ ትላለች፤ ፎቶውን የምታነሳው ግን በሁለተኛው ብቻ ነው። የእኛ ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም እጁን ከጎኑ ለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ነው። መጀመሪያ ብልጭ ሲል «አለቀ» ብሎ ይፈታል። አንዱ አፍንጫውን ያካል፣ አንዱ ሚስቱን ይቆጣል። ይኼኔ ሁለተኛው ይመጣል። ስንቱን የተከበረ ሰው አፉን እንደከፈተ አስቀርቼዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ሞጣ ለማስተማር ስሄድ ይዣት ሄድኩ። የተከራየሁት የአንድ ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ልጃቸው ጓደኛዬ ሆነች። ኒካሕ ታስሮላት ወደ ደሴ ልትሄድ ስትል አባቷን ሲስቁ እንዳነሳላት ለመነችኝ። አባቷ ቤት ውስጥ ሲስቁ መንገድ ድረስ ይሰማል፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶዎቻቸው ግን ሁሉም የተኮሳተሩ ናቸው።

«ሲናፍቁኝ እነዚህን ነው የማየው?» አለችኝ።

ለእኔ ተይው አልኳት።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷን በር ላይ አቆምኳቸው። መጀመሪያ ብልጭ ሲል ተፈቱ፣ ሁለተኛው አፋቸውን እንደከፈቱ ያዛቸው። ነጋዴ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸወድም። አሳዪኝ አሉ፣ አዩ፣ አጥፊው አሉ፤ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ብልጭታ እስኪያልፍ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ካለፈ በኋላ ግን እኔን በማሸነፋቸው ከልባቸው ይስቃሉ። የምንፈልገው ሳቅ ሁልጊዜ ካሜራዋ ከጨረሰች በኋላ ይመጣል። እኔ ተናደድኩ፣ ጓደኛዬ ልታለቅስ ደረሰች።

በመጨረሻ ፍላሹን ጭራሽ አጠፋሁት። ባትሪው እስኪሞላ ትንሽ ይታገሱ አልኳቸውና ካሜራዋን እንደያዝኩ ቆምኩ። ብርሃን ሳይኖር ፎቶ አይነሳም ብለው ስላመኑ ተዝናኑ። ልጃቸው ቀረብ ብላ የሸሚዛቸውን የደረት ቁልፍ ልትቆልፍላቸው አጎነበሰች።

«ደሴ ብርድ ነው ይላሉ። ጋቢ ይዘሻል?» አሏት።

ይዣለሁ አለች፣ ዓይኗን ከቁልፉ ሳታነሳ። እሳቸው የልጃቸውን አናት ከላይ ሆነው እያዩ አገጫቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። የካሜራዋን ማንሻ ተጫንኩት። ምንም ብልጭ አላለም።

ቀና ስትል ፊታቸውን በእጅጌያቸው አብሰው ጨርሰው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ አላበራሽም እኮ» ብለው ወቀሱኝ። ፍላሹን መልሼ አብርቼ ቀጥ ያሉበትን አንድ አነሳኋቸው፣ ሁለቱንም ብልጭታ ቆጥረው ረክተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

እኔና ጓደኛዬ ደጁ ላይ ተቀምጠን አየነው። ትንሽ ደብዝዟል፣ ጥላም በዝቶበታል። ሳቃቸውን ስላላገኘሁላት አዘንኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ግን ካሜራዋን ከእጄ ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት።

«ሲስቁማ ሁልጊዜ አያቸው ነበር» አለች። «ይህንን ነው ሲደብቁኝ የኖሩት። ይህንን አሳጥቢልኝ።»