ከአራስ ቤት ያስከለከለኝ ብጉንጅ

ልጄ ወንድ ወልዳ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራስ ተኝታለች፤ እኔ ክንዴ ላይ ብጉንጅ አውጥቼ ቂርቆስ ቤቴ ተጎልቻለሁ። እሷ እንደሆነ በስልክ፣ «እማዬ፣ እሱ ነገር ሳይድን በሬን እንዳታንኳኪ! ሕፃኑ ላይ ታጋቢበታለሽ» ትለኛለች።

«ብጉንጅ እኮ ነው፣ ጅብ አይደለም!»

«ሐኪም ጋ ሂጂ አልኩሽ!»

ሐኪም ምን ያደርግልኛል? በእኛ ግቢ መድኃኒት እንደ በርበሬ እንዋዋሳለን። አንዷ ስትድን የተረፋትን በላስቲክ ቋጥራ ታስቀምጣለች፣ ሌላዋ ስትታመም ትወስዳለች። ጎረቤቴ ቀይና ቢጫ ካፕሱል አመጣችልኝ። መዋጡንማ ማን አስቦት? ከፍተን ዱቄቱን እንደ ሚጥሚጣ ብጉንጁ ላይ ነሰነስነው።

ክንዴ ዳቦ አከለ። ትኩሳት ያዘኝ። ክርስትናው ደግሞ ደርሷል። ልጁን ሳላቅፈው ክርስትና ሊነሳ ነው እንዴ ብዬ ደነገጥኩና ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ ባዶዋን ካፕሱል ሳሳየው ራሱን ያዘ። ብጉንጁን ቀድዶ አፈሰሰልኝ፤ ከመግሉም በጥጥ ነክቶ ወሰደ።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ይዘራል፣ እማማ። ሲበቅል ማንነቱን እናያለን።»

ጤፍ ሲዘራ አውቃለሁ፣ ወሬ ሲዘራ አውቃለሁ፤ መግል ሲዘራ ግን ሰምቼ አላውቅም! ለውጤቱ ስመለስ የላብራቶሪዋን ልጅ ለመንኳት። «የኔ ቆንጆ፣ አንዴ አሳዪኝ፤ የራሴ ሰብል ነው።»

ሳቀች። ክዳኑን ሳትከፍት አንድ ትንሽ ሳህን አነሳችልኝ። ወርቃማ ነጠብጣብ ሞልቶበታል፤ ማማሩ!

«ስታፍ የሚባል ጀርም ነው። ቆዳና አፍንጫ ላይ ዝም ብሎ ይኖራል፤ ቁስል ሲያገኝ ነው የሚገባው።»

ሌላው ሳህን ላይ ክብ ክብ ትንንሽ ወረቀቶች አሉ፣ እያንዳንዱ የተለያየ መድኃኒት ውስጥ የተነከረ። የአንዳንዱ ዙሪያ ጥርት ብሏል፣ ጀርሙ ሸሽቷል። አንዷን ግን ጀርሞቹ ከበው፣ ተደግፈዋት በቅለዋል።

«ይቺስ ምን ሆና ነው?»

«እሷማ እርስዎ የነሰነሱት ናት።»

እኔ ልገድላቸው ስል እነሱ ለካ መድኃኒቴን ንቀውታል!

ሐኪሙ ጀርሞቹ የሸሹትን መድኃኒት አዘዘልኝ። «ቁስሉ ቢደርቅም እስከ መጨረሻው ይዋጡ። እጅ መታጠብ ነው፤ ፎጣም ከሰው ጋር መጋራት የለም» አለኝ። እብጠቱ ጎደለ። ይኼኔ ጎረቤቴ ከች!

«ድነሻል አይደል? የተረፈውን ስጪኝ፣ ጉልበቴን እያመመኝ ነው።»

«ጉልበትሽ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ዘርቶ አየው?»

«አንቺ ንፉግ! የኔን ተቀብለሽ አይደል?»

«ያንቺንማ ጀርሞቹ ተደገፉት!»

ተኮሳትራ እያየችኝ የቀኑን መድኃኒቴን ዋጥኩት። አፌንም ከፍቼ አሳየኋት፣ እንዳትጠራጠር። እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እንዲሁ አደረግኩ።

ከክርስትናው በፊት ጎተራ ሄድኩ። ልጄ በሩ ላይ እጅጌዬን ሰብስባ የደረቀውን ጠባሳ መረመረች፣ እስከ ክርኔ አስታጠበችኝ፣ ከዚያ ልጁን ሰጠችኝ። ሕፃኑ ገና ደረቴ ላይ ሳይደላደል ሸናብኝ። ልቀበልሽ ብላ እጇን ስትዘረጋ ዞር አልኩባት።

«ተዪው፣ ይሽና! ስንት ጠብቄው?»