ተጠባባቂው ሳይገባ

ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ ባለው ሱቃችን፣ ከሳኒታይዘሩ አጠገብ፣ የባለቤቴ ስልክ ዛሬም ጮኸ። እሱን ኮሮና ከወሰደው ወራት አለፉ፤ ስልኩ ግን በየጨዋታው እየጮኸ አንድ እንግሊዛዊ ኳስ ተጫዋች መከታተሉን አልተወም። ታዋቂ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። በአራተኛው ዲቪዚዮን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ያረጀ አጥቂ ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን በአጋጣሚ አየው፤ ከዚያ ወዲያ ከክለብ ክለብ ሲሸኝ፣ ከዲቪዚዮን ዲቪዚዮን ሲወርድ አብሮት ወረደ።

ጩኸቱን በሰማሁ ቁጥር የልጅነቴ የቡታጅራ ሜዳ ይመጣብኛል። አባቴ እሁድ እሁድ፣ መሸነፍ የማይታክተውን የሰፈራችንን ቡድን ሊያይ ይሄዳል። እናቴ "ምሳው ቀዘቀዘ በይው" ብላ ትልከኛለች። አንድ እሁድ ቡድኑ አምስት ለባዶ እየተመራ፣ አባቴ ዝናብ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የረጠበው ኮቱ በግ በግ ይሸታል።

"አባዬ፣ እማዬ ተቆጥታለች።"

"ቆይ ልጄ፣ ተጠባባቂው እያሟሟቀ ነው። ሳይገባ ብሄድ ይታዘበኛል።"

ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ "እኔስ አልታዘበውም?" አለች።

ባለቤቴም ያው ነበር። "እንግሊዝ ሆኖ ሊታዘብህ ነው?" ስለው ይስቃል። ሆስፒታል ሲገባ ስልኩን እኔ ዘንድ ተወው። በመጨረሻ በነርሷ ስልክ ሲደውል፣ ትንፋሹ እንዴት እንደሆነ ልጠይቀው ስል፣ "ገባ ወይ?" አለኝ።

ዛሬ ላጠፋው ስልኩን አነሳሁ። ጨዋታው በቀጥታ ይታያል፤ በኮሮና ምክንያት ስታዲየሙ ባዶ ነው፤ ያ አጥቂ ብቻውን መስመር ዳር እያሟሟቀ ይሮጣል።

"ማማ፣ ዳቦ!" አለኝ አንድ ደንበኛ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ውጭ ሆኖ።

"ቆይ" አልኩት። ይግባና አጠፋዋለሁ።