ሊፍቱ የሚቆምበት ሰዓት

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ «ጋሽ ሊፍት» ነው የሚለው። አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት ላይ ነው የሚሠራው። ስለሱ መጻፍ እንኳን ለኔ አይሆንም ነበር፣ ጽሕፈት ላይ ደካማ ነኝ። ግን ሌላ የሚጽፍለት የለም።

እህቴ ልቧን ታማ መድኃኒት ሁሉ አልስማማ አላት። እዚያው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ክሊኒክ አለ፣ ከጎኑ ላቦራቶሪ። የላቦራቶሪዋ ዶክተር ከእህቴ ቆዳ ትንሽ ወስዳ የልብ ሕዋስ አደረገችው። ትንሽ ሳህን ውስጥ ለብቻው ይመታል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሳህኑ ሥር ያሉት ሽቦዎች ኤሌክትሪኩንና ንዝረቱን ይቀዳሉ። የብዙ ሰው ልብ አመታት የተማረ ኮምፒዩተር ደግሞ ያንን አይቶ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማት ይናገራል።

ታዲያ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ሳህኑ ይነቀነቃል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሲቀዱ ጋሼ ሊፍቱን ያቆማል። በደረጃ የሚወጣው ሰው መች ይምረዋል።

«ጋሽ ሊፍት፣ ሊፍቱም የዓመት ፈቃድ ወጣ እንዴ?»

«ሚስቴ ምርመራ ላይ ናት።»

«የታለች?»

«ላይ፣ ሳህን ውስጥ።» ራሱም ይስቅ ነበር።

የመጨረሻው መድኃኒት ሳህኑ ላይ በሚሞከርበት ጠዋት እህቴ ቤት ውስጥ ወደቀች። በታክሲ ይዣት መጣሁ። ጋሼ እሷን አየ፣ የቆመውን ሊፍት አየ።

«ክፈተው እንጂ ጋሼ!» አልኩት።

«እየቀዱ ነው። ከተበላሸ መድኃኒቷ አይገኝም» አለና አዘላት።

እኔ ጫማዋን ይዤ ከኋላ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ «ከበድኩህ አይደል?» አለችው።

«ዝም በይ፣ ላባ ነሽ» አላት።

ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ አልፋለች።

ዶክተሯ እያለቀሰች «ሊፍቱን ምነው ተውከው? ቀረጻው ቢበላሽ እኮ ነገ ይደገማል» አለችው።

«ማን ነገረኝ?» አላት፣ በቃ።

ኮምፒዩተሩ መድኃኒቱ ይስማማታል ብሎ ነበር። ሕዋሷ ለሌላ በሽተኛ ስለሚጠቅም እንቀጥል ወይ ሲሉት ቀጥሉ አለ። ሊፍቱንም ማቆሙን አልተወም። የሚቀልድበት ግን ጠፋ።

ባለፈው ቁርስ ላደርስለት ሄጄ፣ እየተቀዳ ሳለ፣ አንዲት ሴት አባቷን ደግፋ ገባች። የሰውየው ከንፈር ጠቁሯል። ጋሼ ሊፍቱን ከፈተ። እኔም አብሬ ገባሁ። እነሱን ክሊኒኩ በር ላይ አድርሶ ላቦራቶሪውን አንኳኳ።

«ዛሬ አበላሸሁባችሁ» አላት ዶክተሯን።

«ምንም አይደል ጋሼ፣ ነገ ይደገማል።»

«ይደገማል» አለ እሱም ቀስ ብሎ። ስንመለስ ሊፍቱ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቁልፉን እኔ ተጫንኩለት።