ማክሰኞ እንውጣ

ልጄ ስልኳን ድምፁን ከፍታ ወጥ ቤት ያለው ጠረጴዛ ላይ አስደግፋዋለች። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ጓደኞቿ ከስልኩ ውስጥ ይጨቃጨቃሉ። አንዷ ማክሰኞ አንድ ፒዛ ለገዛ ሌላውን በነፃ የሚጨምር ቤት አግኝታለች። ሌላዋ ቤቱ ሩቅ ነው፣ ፒዛው በነፃ ሆኖ ታክሲው ሊያራቁተን ነው ትላለች። ልጄ "ለምን ፒያሳ አንገናኝም?" ስትል ሁለቱም ሳቁባት። "ፒያሳ? የት ጋ? የቆርቆሮ አጥር ተደግፈን ልንቆም?"

እኔ ሳሎን ቴሌቪዥን ከፍቼ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ። እሪ በከንቱ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ወደዚህ ኮንዶሚኒየም ከመጣን ወዲህ ፒያሳ ሲባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ጠቅ ያደርገኝ ነበር። አሁን አሁን እሱም ትቶኛል። ዛሬ ከሐሳቤ ያናጠበኝ ፒያሳ ሳይሆን ማክሰኞ የሚለው ነው። እኛም እንዲሁ ተጨቃጭቀን ማክሰኞ ላይ የወደቅንበት ጊዜ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም። ሰዓት እላፊ ተነስቷል፤ ሰው ግን ማምሸቱን ገና አልለመደውም፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እግሩ ሳያውቀው ወደ ቤቱ ይፈጥናል። እኔ ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አልማዝ ከጎኔ ያለው የጽሕፈት መኪና ላይ ትጽፋለች። ትርሃስ ደግሞ መዝገብ ቤት ናት። ሦስታችንም ገና ሃያዎቹን የጀመርን ልጆች ነን፤ ሻይ በአንድ ላይ፣ ምሳ በአንድ ላይ፣ ሐሜት በአንድ ላይ።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የታላቅ ወንድሜ የጌታሁን መርዶ መጣ። ጌታሁን ከሰፈር ታፍሶ ወደ ሰሜን የዘመተ ወታደር ነበር። ጦርነቱ አልቆ የተረፉት ሲመለሱ እናቴ በር በሩን እያየች ከረመች። በመጨረሻ የዕድሩ ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዝናብ እየመታቸው መጡ። በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እናቴ በሩን ሳትከፍት ነው የጮኸችው።

እኔ አላለቀስኩም። ጨከን ብዬ አይደለም፤ አልመጣ አለኝ። የጥርስ ሐኪም መርፌ ወግቶት እንደደነዘዘ ድድ ነበርኩ፤ ስነካው መኖሩን አውቃለሁ፣ ግን የኔ አይመስለኝም። ለቅሶ የደረሰው ሰው ፊቴን እያየ ለአክስቴ "ይቺ ልጅ ታስፈራለች፣ አስለቅሷት" ይላት ነበር። ሲጨንቀኝ ውኃ መቅዳት፣ ብርጭቆ ማጠብ፣ ፍራሽ ማንጠፍ ያዝኩ።

ከሁሉ ብሳ ያለቀሰችው ትርሃስ ናት። ድንኳኑ በር ላይ ገና ስትደርስ ጮኸች። ደረቷን ትደቃለች፤ ፀጉሯን ትነጫለች፤ ሁለት ሰዎች ይዘዋት አልቻሏትም። ጌታሁንን ያየችው አንድ ጊዜ ቢሆን ነው፤ እሱንም ቢሮ ሊጠይቀኝ መጥቶ ደረጃው ላይ ሰላም ተባብለው። አክስቴ በጆሮዬ "እጮኛው ናት እንዴ?" አለችኝ። አይደለችም አልኳት። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳሁትም፤ ያኔ ምንም ነገር የማንሳት አቅም አልነበረኝም።

ሥራ ስመለስ ከል ለብሼ ነው። ደብዳቤ ይሰጡኛል፣ እጽፋለሁ፤ ምን እንደጻፍኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ምግብ አይጣፍጠኝም፤ ደግሞም አይመረኝም። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። የኅዳር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እጄ ላይ ስታርፍ ሙቀቷን አያለሁ እንጂ አይሰማኝም ብል ይቀለኛል።

እንግዲህ አንድ ቀን ሻይ ላይ አልማዝ ነገሩን ጀመረችው።

"ስሙ፣ በዚህ ሳምንት እንውጣ" አለች። "ቀላል ነገር። ከሥራ በቀጥታ፣ ፒያሳ፣ ቶሎ ግብት።"

"መቼ?" አለች ትርሃስ።

"ሰኞ የፋራ ቀን ነው። ረቡዕ ጾም፣ ዓርብ ጾም፤ እኔ በዘይት የተጠበሰ ብስኩት ለመብላት ፒያሳ ድረስ አልሄድም። ሐሙስ ፀጉሬን እሠራለሁ። ማክሰኞ!"

"የት?"

"ውቤ በረሃ ሄደን አንድ አንድ ጃንቦ ብንቀማምስስ?"

"እናቴ ትገድለኛለች" አለች ትርሃስ እየሳቀች።

"እሺ ሲኒማ። በሥራ ቀን የታችኛው ወንበር ርካሽ ነው።"

ትርሃስ የከል ልብሴን አየች። አልማዝ ገባት። "ምን ችግር አለው? ሲኒማ ቤት መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ከል የለበስን ነን" አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንባዬ እስኪመጣ ያስቀኝ ነበር። "ደስ እንዳላችሁ" አልኩ። በዚያ ሰሞን ለማንኛውም ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይኸው ነበር። በመጨረሻ ሲኒማው ቀርቶ ኬክ ቤት ተባለ። ኬክ መብላት ከል የለበሰችን ሴት አያስነውርም ብላ የፈረደችው አልማዝ ናት።

እናቴ እንድወጣ አትፈቅድም ብዬ ነበር። "ሂጂ እስቲ፣ ንፋስ ይንካሽ" አለችኝ ፊቷን ሳታዞር።

ማክሰኞ ሥራ ሊወጣ ሲል አለቃችን አልማዝን ጠርቶ ነገ ጠዋት የሚፈለግ ረጅም ጽሑፍ አስታቀፋት። "እናንተ ቅደሙ፣ እደርስባችኋለሁ" አለች፤ ተናዳ የጽሕፈት መኪናውን ስትደበድበው ደረጃው ድረስ ይሰማ ነበር። እኔና ትርሃስ ብቻችንን ወጣን። ሁለታችንም አልማዝ የሌለችበት ወሬ አልለመድንም፤ መንገዱን እየተቻኮልን ጨረስነው። ብርዱ ገብቷል። የወርቅ ቤቶቹ መስኮት በርቷል፤ ሎተሪ አዟሪዎችና ተማሪዎች ይተላለፋሉ። ከኬክ ቤቱ በር የተቃጠለ ስኳርና የቡና ሽታ ይወጣል። ባንኮኒው አጠገብ ማኪያቶ የሚጠጡ ወንዶች ቆመዋል። ጥግ ላይ ተቀመጥን። ትርሃስ ሚልፎሊ የሚሉትን ድርብርብ ኬክ አንድ ለሁለት አዘዘች፤ ሻይ ለየብቻ።

ኬኩን በማንኪያ ከፈለችው፤ የኔን ድርሻ ወደኔ ገፋችው። የራሷን አልነካችም።

"ወይንሸት" አለች። "አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ትቀየሚኝ ይሆናል።"

"ንገሪኝ።"

"እናንተ ቤት ያን ቀን ያለቀስኩት ለጌታሁን ብቻ አልነበረም።"

አየኋት።

"ሐጎስ ሞቷል" አለች።

ሐጎስ ታላቅ ወንድሟ ነው። አይቼው አላውቅም። ሱዳን ለትምህርት ሄዷል ብላ ነበር የነገረችን።

"ሱዳን እኮ ነው ያለው" አልኳት።

"ሱዳን አልሄደም። ጫካ ነው የገባው፣ እነሱ ጋ። መሞቱን የሰማነው ድሮ ነው፣ ያኛው መንግሥት እያለ። አንድ ሰው ጨርቅ የሚገዛ መስሎ እናቴ ሱቅ ገባና በጆሮዋ ነግሯት ወጣ። እንዳይሰማብን በሩን ዘግተን፣ ራዲዮኑን ከፍ አድርገን ነው ያለቀስነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ። በማግስቱ ሱቋን ከፍታ ዋለች። የዚያን ቀን ደግሞ ገበያው ሁሉ ጥቁር ጨርቅ ነበር፤ ለሰው ሐዘን ጥቁር ስትቆርጥ ውላ እሷ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ገባች።"

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ብዙ ጊዜ በሐሳቧ የተናገረችው ነገር መሆኑ ያስታውቃል።

"አሁንስ?" አልኳት። "አሁን ማን ይከለክላችኋል? ለምን ድንኳን አትጥሉም?"

"እኔም ብያታለሁ። እምቢ አለች። ሰፈራችንን ታውቂው የለም? ግራና ቀኙ ልጁን በዚያኛው በኩል የቀበረ ነው። ቀበረ ማለት እንኳ . . . 'በነሱ ፊት የኔን ልጅ ብዬ እንዴት አለቅሳለሁ? ማን ነው የሚያስተዛዝነኝ?' ትላለች። እናንተ ድንኳን ውስጥ ስገባ ግን ሁሉም ሰው ያለቅሳል፣ ለምን ታለቅሻለሽ የሚለኝ የለም። አልቻልኩም፣ ወይንሸት። ባንቺ ለቅሶ የራሴን አለቀስኩ።"

በዚያች ሰዓት ሊሰማኝ የሚገባውን ነገር አውቀዋለሁ። ልቆጣ እችል ነበር። አቅፌያት ላለቅስ እችል ነበር። ማን ማንን ተኮሰ የሚለው ሐሳብም መጣ፤ መጣና በመስኮቱ እንደሚያልፈው ታክሲ አለፈ፣ አላቆመም። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን የኬክ ፍርፋሪ በጣቴ እየሰበሰብኩ "የት ነው የሞተው?" አልኳት።

"አልነገሩንም።"

"የኛንም አልነገሩንም" አልኩ።

አልማዝ አልመጣችም። ሻዩ ቀዘቀዘ። ትርሃስ መልስ እየጠበቀች መሆኑ ገብቶኛል። "በርዶኛል፣ እንሂድ" ብቻ አልኳት። ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን። መንገዱ ዳር ልብስ የዘረጉት ነጋዴዎች ሸራቸውን እየጠቀለሉ ነው፤ የታክሲ ረዳቶች ይጮኻሉ። ድልድዩ ላይ ስንለያይ ሳመችኝ፤ ጉንጯ እርጥብ ነበር። የኔ ደረቅ ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ከጎኗ ተቀምጬ የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ አስቤበት አይደለም። በእጄ የተረፈ ነገር ስለነበር የማስቀምጥበት ፈልጌ ይመስለኛል። እናቴ ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም። አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለችና "አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ?" አለች።

"እንደዚያ ነው ያለችኝ።"

"ከጎኗ ማን አለ?"

"ትርሃስ ብቻ።"

ምስሩን አጥባ ጣደችው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ አልታጠፈችም። "ቤታቸውን አሳዪኝ" አለች።

በሩን የከፈቱት የትርሃስ እናት፣ እማማ ለተብርሃን፣ ራሳቸው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም ሴት። እናቴን ከነከሏ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔን ከጎኗ አይተው ማን እንደሆነች አውቀዋል። ልትወቅሳቸው የመጣች መስሏቸው ይመስለኛል፤ በሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እህቴ፣ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት" አለች እናቴ።

"የማን ለቅሶ?"

"የሐጎስ።"

እማማ ለተብርሃን በሩን ለቀቁት። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣው ድምፅ የዚያችን ቀጭን ሴት አይመስልም። "ወደይ! ሐጎስ ወደይ!" አሉ፤ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ አቀፈቻቸውና "ልጄ! ጌታሁን ልጄ!" አለች። ደጃፉ ላይ ተያይዘው ተቀመጡ። ሁለቱ ስሞች እየተቀባበሉ ግቢውን ሞሉት።

መጀመሪያ ብቅ ያለችው የጎረቤት ሴት ናት፣ እጇ ሊጥ እንደነካ። "ምንድን ነው? ማን ሞተ?" አለች። ትርሃስ ነገረቻት። ሴትዮዋ የራሷን ልጅ መርዶ በዚያው ዓመት ነው ያረዷት። የምትመለስ መስሎኝ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና መጥታ ከሁለቱ ጎን ቁጭ አለች። ከዚያ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ወንዶቹ። የዕድሩ ዳኛ ደርሰው ጥቂት ቆመው ካዩ በኋላ፣ የተቆጡ በሚመስል ድምፅ "አግዳሚውን አምጡ እንጂ! ሰው መሬት ላይ ይቀመጣል እንዴ?" አሉ። ከዕድሩ ዕቃ ቤት አግዳሚ ወንበር ከተሸከሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። የእንጨቱ ስንጥር መዳፌ ውስጥ ገባ፤ ማታ ስታጠብ ነው ያየሁት።

ሁሉም ሲያለቅስ እኔ በዚያም ቀን አላለቀስኩም። እናቴ ግን በዚያች ሌሊት ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ጠዋት ድረስ ተኛች። እማማ ለተብርሃን በሳምንቱ ጥቁር ለብሰው ሱቃቸውን ከፈቱ። ሁለቱ እናቶች በሕይወት እስካሉ አልተለያዩም፤ ሙት ዓመት ሲያወጡ በአንድ ቄስ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ስም ያስጠሩ ነበር። አልማዝ ማክሰኞን አበላሸሁባችሁ እያለች ለወራት ይቅርታ ጠይቃናለች። ትርሃስ አሁንም እዚሁ ከተማ ናት፤ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። ከዚያ ወዲህም አገሩ መርዶ አላጣም። በየጊዜው አንዳችን ለአንዳችን ደውለን "የናንተስ ሰዎች?" እንባባላለን።

ሐዘን በእንባ ይወጣል ሲሉ እሰማለሁ። የኔ አልወጣም። አንድ ቀን ይመጣል ብዬ ብዙ ጠብቄያለሁ፤ ስታረግዢ ይመጣል፣ እናትሽ ስትሞት ይመጣል ብለውኛል። ሁለቱም አልፈዋል። አሁን አልጠብቀውም። ድሮ በዚህ ራሴን እንደ ጎደሎ ሰው እቆጥር ነበር። ዕድሜ ሲገፋ የተረዳሁት፣ ለካ ሰው ምንም ሳይሰማውም ሊያዳምጥ ይችላል፤ የሰማውንም ለሚመለከተው ሊያደርስ ይችላል። ያን ሰሞን ከኔ የተረፈው ይህ ብቻ ነበር፣ እሱም አልጠፋም።

ልጄ ስልኩን ዘግታ እጇን እየጠረገች መጣች። "ማክሰኞ ወጣን በቃ" አለችኝ። "ቅር ይልሻል?"

"ኧረ" አልኳት። "ከማን ጋር ነው?"

ስማቸውን ነገረችኝ። ከመካከላቸው አንዷ ዘንድሮ አባቷ የሞተባት ልጅ ናት። እንዴት ሆነች ብዬ ጠየቅኳት።

"ደህና ናት፤ ትስቃለች፣ ትጫወታለች" አለች ልጄ። ከጎኔ ተቀመጠች። "እውነቱን ለመናገር፣ እማ፣ ጠይቄያት አላውቅም።"

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁትና ወደ እሷ ዞርኩ።