ጉንጬን አትሳሙኝ

ሐኪሙ የፊቴን የነርቭ ሕመም “ከእሱ ጋር መኖር ልመጂ” ካለኝ ወዲህ የምፈራው ሰላምታ ነው። ሰው ጉንጬን ነካ ሲያደርገኝ እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል። ስለዚህ ከሠርጉም ከዘመድ ጥየቃውም ቀርቻለሁ። ባለፈው እሁድ ግን እንደኔ የሚታመሙ ሰዎች ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ በአንዷ ቤት እንደሚሰበሰቡ ሰማሁና ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ ሄድኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ተከፍቷል። ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። “እነሱ ናቸው” ብዬ ገባሁ። ገና ከመግባቴ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ተነስተው አቀፉኝና አገላብጠው ሳሙኝ። ሕመሙ ዓይኔን አጨለመው፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

“አይ ልጄ! እንዲህ ትወጂው ኖሯል?” አሉና እሳቸውም አለቀሱ።

ለካ የገባሁት ለቅሶ ቤት ነው! ተሳስቼ ነው እንዳልል አፌን መክፈት አቃተኝ። ደግፈው አስቀመጡኝ፤ ውሃ አቀረቡልኝ። ሐዘኑ የእነሱ ሆኖ ሳለ የሚያጽናኑት እኔን ነው። በጣም አፈርኩ። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከታመምኩ ጀምሮ ሰው ይዞኝ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“አንቺንም ጉንጭሽን ነው የሚያምሽ?” አሉኝ በሹክሹክታ። “ስብሰባው እኮ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። እኔም እንዳንቺ ተሳስቼ ገብቼ ስመውኝ፣ ሕመሙ እስኪለቀኝ ነው የተቀመጥኩት።”