እናትሽ እንዴት ናቸው?

ቆሰበር ከተማ በክረምት ቤት ልቀቂ መባል ራሱን የቻለ እርግማን ነው። ዝናቡ ለከብት እንኳ አያዝንም፤ አከራያችን ግን ከዝናቡም ይብሳል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አንቱታውን አንስቼበታለሁ።

እኔና እናቴ ብዙ ዘመን የኖርንበትን ቤት አፍርሶ ሱቅ ሊሠራበት አሰበና ከሰሰን፤ ረታን። ይርታ። ቤቱ የራሱ ነው፣ በዚያ አልከራከርም። ግን በዚያ ጭቃ ከመስቀል በፊት መሠረት እንደማይቆፈር ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ምን አጣደፈው?

ፍርዱ ሲሰጥ እናቴ አልጋ ላይ ነበረች። ሐኪሞቹ «ቤቷ ወስደሽ አስታምሚያት» ብለው በቃል ሸኝተውናል፤ የዚህ ትርጉም ለማንም አይጠፋም። ዘንገና ሐይቅ አካባቢ የተወለደች ናትና ወደ መጨረሻው አዊኛ ብቻ መናገር ጀምራለች። ከተማ ገብታ የለመደችው አማርኛ ከእሷ ቀድሞ ሄደ።

እኔ ያገኘሁት የኪራይ ቤት ዳገቱ ላይ ነው፤ ባጃጅ አይደርስበትም፣ የቀርከሃ ግድግዳው ገና ጭቃ አልተመረገም። ስለዚህ ፍርድ ቤቱን ተጨማሪ ጊዜ ለመንኩ። የምፈልገው በለመደችው አልጋ እንድታርፍልኝ ነበር። ይህን ግን አላጻፍኩም። እናቱ በሕይወት እያለች ሞቷን ማን ያጽፋል? ሟርት ነው። ለማመልከቻ ጸሐፊው «በእናቴ ሕመም ምክንያት በልልኝ» አልኩት፣ በቃ።

በቀጠሮው ቀን አከራያችን ነጭ ጋቢውን ደርቦ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?» አልኩት፤ ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።» ልጄ አለኝ እኮ!

ዳኛው ወጣት ነው፣ ፊቱም ክፉ አልነበረም። ማመልከቻዬን አየና ቀና ብሎ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

እኔም እንዳሳደጉኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» አልኩ።

እኛ አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ይላል። መጀመሪያ ተመስገን ይባላል፤ መከራው ከዚያ በኋላ ቀስ ተብሎ ይወራል። የእኔ መከራ ግን ተራ አልደረሰውም። አከራያችን ብድግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ደህና ናት ማለቷ ይመዝገብልኝ።»

ያውቃል እኮ! በዚያው ሳምንት ሊጠይቃት መጥቶ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ አጥንት ብቻ መቅረቷን በዓይኑ አይቶ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ነው የወጣው።

«ለሰላምታ ነው ያልኩት! እናቴ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። እየሞተች ነው ማለት ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌ አልታዘዝ አለ። ዳኛው የሐኪም ማስረጃ ጠየቀኝ። የለኝም። ጥያቄዬ ውድቅ ሆነ።

የሰፈር ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን አወጧት። ላስቲክ አልብሰናታል፤ ዝናቡ ላዩ ላይ ይንጣጣል። በአዊኛ «ወዴት ነው የምትወስዱኝ?» አለች።

«ቤት» አልኳት።

«ቤቴማ ያ ነው» አለች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ለማዞር እየታገለች።

አዲሱን ቤት ሳትለምደው አረፈች።

አከራያችን ለቅሶ መጣ። ጋቢውን አዘቅዝቆ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ስንት ቀን ሙሉ በልቤ ስደረድረው የከረምኩት ስድብ ነበረኝ፤ ሰው ፊት አዋርደዋለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ወደ እኔ ጎንበስ አለና «እንዴት ነሽ ልጄ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፤ «ደህና ነኝ ጋሼ።»